ማን እንደሞተ ሳንጠይቅ የተቀመጥንበት ቅዳሜ

ባሌን ለማስመርመር ያልሞከርኩት ነገር የለም። ለምኛለሁ፣ ተቆጥቻለሁ፣ አኩርፌያለሁ። የንስሐ አባታችንን ሳይቀር ልኬበታለሁ። እሳቸውም ቤት ድረስ መጥተው "ልጄ፣ ሐኪምም እኮ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው" አሉት። እሱ "እሺ አባቴ፣ እሺ" እያለ መስቀላቸውን ተሳለመ፣ እስከ ደረጃው ሸኛቸው፤ ተመልሶ ሲገባ ግን "አንቺ ሴትዮ፣ አሁን የቀረሽ ፖሊስ ብቻ ነው" አለኝ።

እኔ ምላሴ አያርፍም፤ ይህን ብሎካችን በሙሉ ያውቃል። በዚህ ነገር ግን የምነታረከው ወድጄ አልነበረም። የባሌ አባት የሞቱት ሃምሳ ሳይሞላቸው ነው። ምሳቸውን በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ወንበር ላይ አረፍ እንዳሉ ቀሩ። ያኔ እኔ ገና ወደዚህ ቤት አልመጣሁም ነበር፤ ታሪኩን በኋላ ነው የሰማሁት። የታላቅ ወንድሙን ሞት ግን አብሬ አልቅሻለሁ። ሜክሲኮ ለታክሲ ተሰልፎ ቆሞ ሳለ ወደቀ። ሰዎች ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት፤ የደረሰው ሬሳው ነበር። እሱም በአባቱ ዕድሜ ነበር። ባሌ ደግሞ እነሆ ወደዚያችው ዕድሜ እየተጠጋ ነበር።

"የኛ ቤት ወንድ ሃምሳን አይሻገርም" ይላል። ሲለው አያዝንም፣ አይፈራም፤ ስለ ሐምሌ ዝናብ የሚያወራ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ሰንጋ ተራ ያለውን የቀለምና የቧንቧ ዕቃ ሱቁን በኔ ስም አዛውሮ መጣ። "ኋላ እንዳትንገላቺ ብዬ ነው" አለኝ። ደስ የሚለኝ መስሎት ነበር። መኝታ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ሰው አጠገብሽ ቁጭ ብሎ እየበላ፣ እየሳቀ፣ ኳስ እያየ፣ ለመሞት ጓዙን ሲሸክፍ ማየት ምን ያህል እንደሚያናድድ ያልደረሰበት አያውቀውም።

ደግሞ አኗኗሩ! ወጡን ሳይቀምስ ጨው ይነሰንስበታል። ሲጋራውን "አልፎ አልፎ ነው" ይላል፤ በረንዳችን ላይ ያለው መተርኮሻ ግን ሌላ ነው የሚመሰክረው። ፍስክ በሆነ ቅዳሜ ከሥጋ ቤት አይቀርም። ከልደታ ሰንጋ ተራ ምን ይርቃል? እሱ ግን በመኪና ነው የሚሄደው፤ የሚያቆምበት ቦታ ሲፈልግ የሚፈጀው ጊዜ በእግር ቢሄድ ደርሶ ይመለስበታል። ቦርጩን መታ መታ እያደረገ "ይሄ የሰላም ምልክት ነው" ይላል።

"ሰላሙ ቀበቶ አልበቃው አለ እኮ" እለዋለሁ። ይስቃል። ከሳቀ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

የእድራችን ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። በዚያ ክረምት መጀመሪያ ከኛው ብሎክ አንድ ገና ጎልማሳ የሆነ አባወራ በድንገት ሞተብን። ቀብረን ስንመለስ ሰውዬው ነገሩ ከነከናቸው። "እድር ማለት መቅበር ብቻ ነው እንዴ?" ብለው ተነሡ። ከጤና ጣቢያ አንዲት ሲስተር ለምነው አስመጡ። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት በጋራ አዳራሹ ግፊቱን፣ ስኳሩን፣ ክብደቱንና የወገቡን ልክ እንዲለካ ተባለ። "ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ" አሉ በእድሩ ስብሰባ ላይ። ስብሰባው ላይ እንደተለመደው የመጣነው ጥቂት ነበርን። እኔ እያለከለክሁ አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ለባሌ ነገርኩት።

"ብሞት አልሄድም" አለኝ።

"እሱን ነው እኮ የምልህ!" ብዬ ጮህኩበት።

የባሌ እናት ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ጉልበታቸው ደረጃ ስለማይችል ዓለማቸው በረንዳው ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር ቆመ፣ ከእማማ የሚያመልጥ የለም። ያን ቅዳሜ ቁርስ ሳናቀርብ ከበረንዳው ተጣሩ።

"ኧረ ልጆች፣ ድንኳን ተጥሏል!"

ሮጠን ወጣን። ግቢው መሐል የእድሩ ድንኳን ተተክሏል፤ አግዳሚ ወንበሮች እየተሸከሙ ያስገባሉ። ልቤ ድንግጥ አለ። የምርመራው ነገር ጭራሽ ትዝ አላለኝም፤ እሱ በአዳራሹ ነው የተባለው። እድር ደግሞ ድንኳን የሚተክለው ለምን እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። በኋላ እንደሰማነው የአዳራሹ ጣራ ዝናብ አስገብቶ ወለሉ ኩሬ ሆኗል፤ ሊቀመንበሩም "ድንኳን አለን አይደል?" ብለው አስተክለው ቁጭ አሉ። ሰው ሲያየው ምን ይላል የሚለው ሐሳብ ለሳቸው አልመጣላቸውም።

ባሌ በልቅሶ ቀልድ አያውቅም። ከሐኪም ቤት በቀር የትም የሚቀር ሰው አይደለም፤ ስሙን የማያውቀውን ሰው ልቅሶ እንኳ ይደርሳል። ጥቁር ኮቱን አጥልቆ "እንዴት ሳይነግሩን!" እያለ ደረጃውን ቁልቁል ወረደ። እኔም ነጠላዬን ዘቅዝቄ ተከተልኩት።

ድንኳኑ ግማሽ ያህል ሞልቷል። ወንዶቹ በአንድ በኩል አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ሴቶቹ በሌላ በኩል ነን። ግራውንድ ላይ የምትኖረው ጎረቤታችን ከደጅ ጀምራ "ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ የኔ ደግ!" እያለች፣ ደረቷን እየመታች ገባች። አጠገቤ ተቀመጠችና እንባዋን እየጠረገች በጆሮዬ "ማነው ግን?" አለችኝ።

"አንቺ አይደለሽ እንዴ ያለቀስሽው? እኔ በምን ልወቅ?"

"እኔማ ድንኳኑን አይቼ ነው!"

እኛ ዘንድ ልቅሶ ገብቶ "ማን ሞተ?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ጎረቤት ነኝ ብለህ እንዴት ሳታውቅ መጣህ ያሰኛል። ስለዚህ ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ ዝም አለ። ዝምታው ደግሞ የባሰ አስፈሪ ነበር፤ እያንዳንዱ ሰው ዓይኑን እያንከራተተ በመሐላችን ማን እንደጎደለ ይፈልጋል። ፊት ለፊት፣ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ነጭ ገዋን የለበሰች ወጣት ሲስተር ዕቃዋን ትደረድራለች። ከኋላዬ አንዷ "ሐኪም ሳይቀር መጥታለች፤ ከባድ ነገር ነው" ስትል ሰማሁ።

ያኔ ገባኝ። ወይ ጉድ! ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ነጠላዬን አፌ ላይ ጫንኩ። ጎረቤቴ የማለቅስ መስሏት ጀርባዬን አሸት አሸት አደረገችኝ። ወደ ወንዶቹ አየሁ፤ ባሌ እንደ ልማዱ የፊተኛው ወንበር ላይ፣ ለሐዘንተኛ ቅርብ ነው ብሎ በሚያስበው ቦታ፣ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። ዝም አልኩ። እግዜር ራሱ አውርዶ ያስቀመጠልኝን ሰው እኔ ላስነሣ? ምን ቆርጦኝ!

ሊቀመንበሩ ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠርገው "እንኳን በደህና መጣችሁ" አሉ።

ሰው ሁሉ ክው አለ። ልቅሶ ላይ እንኳን በደህና መጣችሁ? ሰውዬው ፊታችንን አዩ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ፣ ጥቁር ኮቶቹን አዩ፤ ቀስ በቀስ ገባቸው መሰለኝ ላብ አጠመቃቸው።

"የለም፣ የለም! ዛሬ የሞተ ሰው የለም" አሉ። "እንዳይሞት ነው የጠራናችሁ።"

አንድ ሽማግሌ "በድንኳን ይቀለዳል እንዴ!" ብለው ከዘራቸውን እያወዛወዙ ወጡ። ሌላው እፎይ አለ፣ ተሳሳቀ። ጎረቤቴ ተነሥታ "እንባዬን መልሱልኝ!" ስትል ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። ባሌ ብቻ አልሳቀም። ተነሥቶ ኮቱን ሲያስተካክል ሲስተሯ ቀደመችው፤ የቅርቡ ሰው እሱ ነበርና ወንበር ሳብ አድርጋ "ጋሼ፣ ከእርስዎ እንጀምራ" አለችው። የብሎኩ ወንድ ሁሉ እያየው ነው። ፈርቶ ወጣ ከሚባል ሞቱን ይመርጣል። ተቀመጠ።

በመጀመሪያ ወገቡን በሜትር ለካችው። "ሱፍ ልትሰፊልኝ ነው?" አላት፤ ሰው ሳቀለት፣ እሱም ትንሽ ፈታ አለ። ከዚያ ክንዱን አስራ ግፊቱን ለካች። ቁጥሩን ሳትነግረው "ትንሽ አረፍ ይበሉ" አለችውና ደግማ ለካች። ቀጥሎ በሌላኛው ክንድ ለካች። እኔ ከሴቶቹ መሐል ተነሥቼ አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። ያ ሁሉ ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም።

"ራስዎን ያምዎታል? ደረትዎን ወጋ የሚያደርግ ነገር?"

"ምንም የለም። በሬ ነኝ።"

"ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል፣ ጋሼ። ምንም ሳይሰማ ነው የሚጎዳው፤ ክፋቱም እሱ ነው" አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ከቤተሰብ በልብ፣ በድንገት የሞተ ሰው አለ?"

"አባቴና ወንድሜ" አላት። "ለኔ ብዙም አትድከሚ፣ ልጄ። የኛ ቤት ዕጣ ነው።"

ሲስተሯ ልጅ እግር ናት፤ ከኋላዋ የሚጠብቃት ሰው ብዙ ነው፤ ግን አልተጣደፈችም። "ዘርዎን መቀየር አልችልም" አለችው። "እሱን ይዘውት ነው የተወለዱት። ግፊቱ ግን ይወርዳል። ሲጋራው ይቆማል። ጨው ይቀነሳል፤ በእግር መሄድ ይቻላል። ዕጣ የሚሉት ነገር ብዙው በእጅዎ ነው ያለው።"

ይቀልዳል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ክንዱ ላይ የታሰረውን ጨርቅ አየ። ከዚያ በማላውቀው ድምፅ "አባቴ ያኔ ቢለካ ኖሮ ይተርፍ ነበር?" አላት።

ሲስተሯ እኔን አየችኝ።

"እሳቸውን ስላላየኋቸው በእርግጠኝነት መናገር አልችልም" አለች። "ግፊት ኖሮባቸው ከሆነ ግን፣ መድኃኒቱ ያኔም ነበር።"

"ያኔም ነበር?"

"ነበር፣ ጋሼ።"

ባሌ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እንዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። የወንድሙን ሬሳ ሲሸኝ እንኳ ዓይኑ ደርቆ፣ ሰው ሲያስተናግድ፣ ውኃ ሲያዞር ነበር የዋለው። አሁን ግን ድምፅ አውጥቶ፣ ሰው ፊት ነው የሚያለቅሰው። አንጀቴን በላው። ያን ሁሉ ዓመት የነዘነዝኩት ሰው ምን ይዞ እንደኖረ ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት።

እኔ እኮ ሐኪም የሚፈራ ይመስለኝ ነበር። የፈራው ይህን ኖሯል። ዕጣ ከሆነ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም፤ እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሣ ይባላል፤ ተቀብሮ፣ ተዝካር ወጥቶ ያልቃል። ዕጣ ካልሆነ ግን አባቱም ወንድሙም በትንሽ ነገር፣ በከንቱ ነው የሄዱት። ያንን ከሚያውቅ ተከትሏቸው ቢሄድ ይቀለው ነበር። ሰው ለሚወዳቸው ሙታን ሲል ራሱን እንዲህ አድርጎ ሊጥል እንደሚችል አስቤው አላውቅም፤ እስከ ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል።

ጎረቤቴ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። ምን ሆንክ አላለችውም። ነጠላዋን እንደገና ዘቀዘቀች። ወንዶቹም ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ ቆሞ ይስቅ የነበረው ሁሉ አንገቱን ደፋ። "አይዞህ፣ ግፊት ብቻ እኮ ነው" ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ማን እንደሞተ አሁን ሁሉም አውቋል። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን ሲወለውሉ ቆዩና፣ ባሌ ፊቱን ሲያብስ፣ "በሉ፣ ቀጣዩ" አሉ። ከዚያ በኋላ አልለካም ብሎ የወጣ ሰው አላየሁም። እኔም ተለካሁ፤ ስኳርሽ ጫፍ ላይ ነው ተባልኩ። ሌላውን ስነዘንዝ የራሴን ረስቼው ኖሯል።

ደረጃውን ስንወጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆም አለና ክንዴን ያዘኝ። "ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ይሄን ብትሰማ ምን ይውጣታል?"

እማማ በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። "ማን ሞተ?" አሉ።

"ማንም አልሞተም፣ ለስብሰባ ነው የተከሉት" አላቸው። ዓይኑን አዩት። ዓይኑ ቀልቷል። ወደ በረንዳቸው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ ደግመው ለኩት፣ ደሙንም ሽንቱንም መረመሩ፤ በየጠዋቱ የሚዋጥ ክኒን ሰጡት። ክኒኑን እማማ እንዳያዩበት ኮት ኪሱ ውስጥ ደበቀው። ሲጋራውን ሲያቆም ቤታችን የጦር ሜዳ ሆነ፤ ቴሌቪዥኑ ጮኸ፣ በር ተንጓጓ፣ ልጆቻችን ተደበቁት። ጨው ስቀንስበት ወጡን እያማሰለ "ይሄን ለየትኛው ሆስፒታል ነው የሠራሽው?" ይለኛል። "ለማትገባበት ሆስፒታል" እለዋለሁ። ሰንጋ ተራም በእግሩ መሄድ ጀመረ። በየመንገዱ ሰላም የሚለው ሰው ስለበዛ እርምጃ ይሁን ምርጫ ቅስቀሳ መለየት ያስቸግራል። ግፊቱም ወረደ። እኔ ሌሊት የእሱን ትንፋሽ ሳላዳምጥ መተኛት ጀመርኩ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁርስ ላይ ተቀምጠን "ክኒኑን ልተወው ነው" አለኝ።

ጆሮዬን አላመንኩትም። "ምን አልክ?"

"ደህና ሆኛለሁ። ተለክቼ ልክ ነው አሉኝ። ደህና ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል?"

ምላሴ እንደሆነ አያርፍም አላልኳችሁም? እማማ በረንዳው ላይ መሆናቸውን ረሳሁት። "ደህና የሆንከው እኮ በክኒኑ ነው! ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለህ ያለቀስከውን ረሳኸው? እኔስ? እነዚህስ ልጆች? አባትህንና ወንድምህን ስታጣ ያየኸውን እኛም እንድናየው ነው የምትፈልገው?" እያልኩ ስጮህ ከበረንዳው ወንበር ሲገፋ ሰማሁ። እማማ ግድግዳውን እየተደገፉ ገቡ። ከኔ ይልቅ የደነገጠው እሱ ነው።

"የምን ክኒን ነው?" አሉት።

እሱ በዓይኑ ገላመጠኝ፤ እኔም ለአንድ ጊዜ ምላሴን ያዝኩ።

"የግፊት ነው፣ እማዬ" አላቸው። "ቀላል ነው። አሁን ተሽሎኛል።"

እማማ ቀስ ብለው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። "አባትህም ጀምረው ነበር" አሉ።

"ምኑን?"

"ይሄንኑ። የመሥሪያ ቤታቸው ሐኪም ግፊት አለብዎት ብሎ ክኒን ሰጣቸው። ጥቂት ወር ዋጡ። ከዚያ ልክ እንዳንተ፣ 'ተሽሎኛል፣ ምን ያደርግልኛል' ብለው ተዉት። እኔም እሰየው አልኩ። ባሏ በሽተኛ ነው ከምባል፣ ተገላገልኩ ብዬ። ደህና የሆኑት በሱ መሆኑን ማን ነገረኝ? ማን ነገረኝ፣ ልጄ?"

ባሌ የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰ። "ለምን አልነገርሽንም?"

"ምን ብዬ ልንገር? ከቀብር ስመለስ ሰው ሁሉ ዕጣቸው ነው፣ እግዜር ጠራቸው አለኝ። እኔም አዎ አልኩ። ወንድምህ ሲወድቅም የዚህ ቤት ዕጣ ነው አሉኝ፤ አዎ አልኩ። አንተም ይህንኑ ስትል በረንዳ ተቀምጬ እሰማሃለሁ፤ አፌን አውጥቼ መናገር አቃተኝ።"

ሄጄ ላቅፋቸው ፈለግኩ። እኚያ ጉልበታቸው ደረጃ የማይችል ሴት ይህን ሁሉ ዘመን ምን ተሸክመው እንደቆሙ አሰብኩና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

እማማ ተነሡ። ላግዝዎት ስላቸው በእጃቸው ከለከሉኝ። ማድ ቤት ገብተው አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዘው፣ ግማሹን ወለሉ ላይ እያፈሰሱ ተመለሱ። ባሌ ከኮት ኪሱ ክኒኑን አወጣ።

"ሁለቱን ቀብሬያለሁ" አሉት። "አንተ እኔን ቅበረኝ።"

ዋጠው። "አፍህን ክፈት" አሉት፤ ከፈተላቸው።